አምቡላንስ ሲመጣ ቦታ የምንለቀው እንዴት ነው? ዝርዝሩን የምታውቁ ጻፉልን

መንገደኛ_01

ሰላም ለሁላችሁ። ለአምቡላንስ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ መሆኑን የማያውቅ ሾፌር የለም። መንገድ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሳይረን ሲሰማ አንዱ ባለበት ቀጥ ይላል፣ አንዱ ወደ ግራ ይጠመዝዛል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ደግሞ ቀድሞ ሊያመልጥ ነዳጅ ይረግጣል። መንገዱ ከበፊቱ የባሰ ይዘጋል። "ቅድሚያ ስጡ" የሚለውን ትተን እንዴት እንደሚሰጥ እንነጋገር። በተለይ እነዚህ ያከራክራሉ፦ ቀይ መብራት ላይ ከሁሉም ፊት የቆመ መኪና መስመሩን ይለፍ ወይስ አይለፍ? አደባባይ ውስጥ የገባስ? ባለ ሦስት ረድፍ መንገድ ላይ መሃል ያለው ወዴት ይሂድ?

ተረኛ_መሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው። በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር ሒሳብ ልጻፍ፤ በግራ የምትነዱ ገልብጣችሁ አንብቡት።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የአምቡላንሱ ሾፌር ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ከሩቅ መገመት መቻሉ ነው። እሱ የሚዘጋጀው በግራህ በኩል ሊያልፍ ነው። አንተ ወደ ቀኝ ስትጠጋ የጠበቀውን አደረግክለት። ወደ ግራ ከሄድክ ወይም መሃል ላይ ካመነታህ ግን እሱም ፍሬን ይዞ አንተ እስክትወስን መጠበቅ አለበት።

ሳይረን እንደሰማህ መጀመሪያ እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሣ፤ ፍሬን ግን ገና አትርገጥ። ሬዲዮውን ዝጋ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርግ። የውስጡን መስታወትና ሁለቱንም ስፖኪዮ እይ። ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ ወደ የትም አትታጠፍ፤ ብዙው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ካየኸው በኋላ የቀኝ ፍሬቻ አብራ። በቀኝህ በኩል ሞተር ሳይክል፣ ብስክሌት ወይም እግረኛ አለመኖሩን አረጋግጥ። ከዚያ ፍጥነትህን ቀስ በቀስ እየቀነስክ ወደ ጠርዝ ተጠጋና ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆነህ ቁም። አፍንጫው ጠርዝ ደርሶ ኋላው መንገድ ላይ የቀረ መኪና ቦታ ለቀቀ አይባልም፤ አግድም የሚይዘው ቦታ ቀጥ ብሎ ከሚይዘው ይበልጣል። ከቆምክ በኋላ መሪውን አቅና፣ እግርህን ፍሬን ላይ አቆይ፣ ፍሬቻውን አታጥፋ።

ጊዜውን አስቡት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ አምቡላንስ 100 ሜትር ለመጨረስ 6 ሰከንድ ይበቃዋል። ያንን ሁሉ ተረጋግቶ ለማድረግ 6 ሰከንድ አጭር ነው። ስለዚህ መስታወት ማየት ሳይረን ሲሰማ ብቻ የሚደረግ ነገር መሆን የለበትም።

ሰላም_መንገድ

አራቱንም ፍሬቻ ማብራት አይሻልም? "አይቼሃለሁ" ለማለት ብዙዎች ያደርጉታል።

ተረኛ_መሪ

@ሰላም_መንገድ አይሻልም። አራቱም ሲበሩ ወደ ቀኝ ትሂድ፣ ወደ ግራ ትሂድ፣ ወይ ተበላሽተሽ ቁመሽ ይሁን አይለይም። በዚያ ላይ ከአምቡላንሱ መብራት ጋር ብልጭታው ይደባለቃል። የቀኝ ፍሬቻ ብቻ አቅጣጫውን በግልጽ ይናገራል። ፈጽሞ መንቀሳቀስ የማይችል መኪና ከሆነ ግን አራቱን ማብራት ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የትም ቦታ አይቆምም። መታጠፊያ ላይ፣ ዳገት አናት ላይ፣ ጠባብ ድልድይ ላይ፣ መንገዱ መሃል የእግረኛ ማረፊያ ደሴት ካለበት ቦታ ትይዩ አትቁሙ። በተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ መኪና ጠርዝ ይዞ ከቆመም ከእሱ ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ሁለታችሁም ትክክል ሠርታችሁ መንገዱ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደገባ ቡሽ ይደፈናል። 20 ወይም 30 ሜትር ወደፊት ሄዶ መቆም ይሻላል። ጠባብ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ፍጥነት ሳትጨምሩ ተጓዙና ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ውጡ። አምቡላንሱ እነዚያን ጥቂት ሰከንዶች ከኋላችሁ መከተሉ ችግር የለውም፤ መውጫ በሌለበት ከምትቆሙበት ይልቅ ይቀድማል።

ድምፅና_መንገድ

"ከየት እንደሚመጣ አላወቅኩም" የሚል ሾፌር ሰበብ እየፈለገ አይደለም። ምክንያት አለው።

የሳይረን ድምፅ አብዛኛው ኃይሉ ከ500 እስከ 1,800 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። አእምሮ የድምፅን አቅጣጫ የሚያውቀው ድምፁ ለሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት የጊዜና የጥንካሬ ልዩነት ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ሁለቱም ፍንጮች ደካማ የሚሆኑበት ቦታ አለ። መኪና ውስጥ ሲኮን ደግሞ መስታወትና ቆርቆሮው ድምፁን አፍኖ በየአቅጣጫው ያስገባዋል፤ ረጃጅም ሕንፃዎች ባሉበት ጎዳና ከፊት የሚመጣው ከኋላ የመጣ ይመስላል። መስኮት መክፈት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የአየር ማቀዝቀዣውን ማራገቢያ መቀነስም ይረዳል።

ሌላው፣ የሳይረኑ ድምፅ ማጉያ የሚገጠመው ወደፊት አቅጣጫ ነው። ፊት ያለው በደንብ ይሰማል፣ ጎን ያለው በጣም ያነሰ ይሰማል። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ በአግድም የሚመጣው ሾፌር፣ ማለትም ለግጭት የሚጋለጠው ሰው፣ ከሁሉም ዘግይቶ የሚሰማ ነው። ማእዘኑ ላይ ሕንፃ ካለ አምቡላንሱ ብቅ እስኪል ላይሰማ ይችላል። ልምድ ያለው የአምቡላንስ ሾፌር መስቀለኛ መንገድ ሲቃረብ ከረጅሙ ዋይታ ወደ አጭሩ ፈጣን ድምፅ የሚቀይረው በዚህ ምክንያት ነው። ድምፁ ሲቀየር ከሰማችሁ መጋጠሚያ ላይ እየደረሰ ነው ማለት ነው።

ጥሩ ጠቋሚ ልስጣችሁ። ድምፁን ሰምታችሁ መብራቱን ካላያችሁ የሌሎቹን መኪኖች ሁኔታ እዩ። ከፊታችሁ አረንጓዴ በርቶ ማንም ካልተንቀሳቀሰ የሆነ ነገር አይተዋል።

ፈጣን_ጎማ

ቀይ መብራቱን በተመለከተ እኔ የምለው ግልጽ ነው። ከሕይወት የሚበልጥ ሕግ የለም። ጥሶ ቦታ መልቀቅ ነው።

ነጭ_መስመር

@ፈጣን_ጎማ ወንድሜ፣ አሳብህ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በአግድም የሚመጣው አረንጓዴ በርቶለታል። አምቡላንሱን ሊሰማ ይችላል፣ አንተን ግን በፍጹም አይጠብቅህም። አንተ መብራትና ሳይረን የለህም። መሃል ላይ ብትጋጭ አምቡላንሱ ለታማሚው ሊደርስ ሲገባው አንተን ለማንሣት ይቆማል፤ መንገዱም ይዘጋል።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በብሪታንያ ለአምቡላንስ ሲባል ቀይ የጣሰ ሾፌር ከቅጣት አይድንም። በጀርመን ግን ማንንም አደጋ ላይ ሳይጥሉ በእርምጃ ፍጥነት የማቆሚያ መስመሩን ትንሽ አልፎ ቦታ መልቀቅ ይፈቀዳል። ስለዚህ የምትነዳበትን አገር ደንብ እወቅ። የትራፊክ ፖሊስ ቆሞ "እለፍ" ካለህ ግን የፖሊሱ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል።

ቀይ ላይ ፊተኛው መኪና የሚያደርገው ይህ ነው፦ ከማቆሚያው መስመር በኋላ የቀረውን ቦታ ይጠቀማል፤ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ ጠርዝ ይጠጋል፤ ከዚያ ይቆማል። ከኋላው ያሉት ደግሞ ክፍተት ካላቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ክፍተት የሚገኘው ግን ቀድሞ ከተተወ ብቻ ነው። ስትቆም የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማዎች አስፋልቱን ሲነኩ እስኪታዩህ ድረስ ርቀህ ቁም። ከዚያ ወደኋላ ሳትሄድ መሪህን ጠምዝዘህ መውጣት ትችላለህ። ተጠግተህ ከቆምክ ፈቃደኛ ብትሆንም አትችልም።

መውጫ ከሌለ ዝም ብሎ መቆም ነው። የአምቡላንሱ ሾፌር በተቃራኒው ረድፍ ሊሄድ ይችላል፣ አለዚያም አረንጓዴ እስኪበራ ይጠብቃል። አንዳንዴ ሳይረኑን ያጠፋዋል፤ ተስፋ ቆርጦ አይደለም፣ አንተን አስጨንቆ ቀይ እንዳያስጥስህ ነው።

መንገደኛ_01

አረንጓዴ ሲሆንስ? ቅድሚያው የእኔ ነው፣ ከጎን ሳይረን ይሰማል።

ነጭ_መስመር

አትግባ። ይህ ከቀዩ ጥያቄ ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ አረንጓዴ ላይ ያለው ሰው ፍጥነት አለው። የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 34 በመብራትና በድምፅ ምልክት መምጣቱን ላስታወቀ የቅድሚያ ተሽከርካሪ ማንኛውም የመንገድ ተጠቃሚ መንገዱን እንዲለቅ፣ ካስፈለገም እንዲቆም ያዛል። የመብራቱ ቀለም እዚህ ላይ አያድንም። ያው አንቀጽ ለአምቡላንሱም ገደብ አለው፤ አገሮች ከመደበኛው ደንብ ነፃ ሊያደርጉት የሚችሉት ሌሎችን አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ ነው።

መጋጠሚያው ውስጥ ገብተህ ከሆነ ግን መሃል ላይ አትቁም። ተሻግረህ ጨርስ፣ ከመታጠፊያው 20 ወይም 30 ሜትር ራቅ ብለህ ቀኝ ያዝ። ማእዘኑ ላይ ብትቆም አምቡላንሱ ወደዚያው መታጠፍ ቢፈልግ መንገዱን ዘጋህበት።

አደባባይም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። ያልገባ አይግባ። የገባ አይቁም፤ በመጀመሪያው በሚመቸው መውጫ ይውጣና ከወጣ በኋላ ጠርዝ ይያዝ። መውጫው የራሱ ባይሆንም ምንም አይደለም፣ ተመልሶ ይመጣል። አደባባይ ውስጥ ጠርዝ ይዞ መቆም ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን አምቡላንሱ በየትኛው መውጫ እንደሚወጣ አታውቅም።

የቃሬዛ_ጎን

ከውስጥ ያለውን ልጨምር፣ ስለ ፍሬን።

አምቡላንስ ውስጥ ታማሚው ቃሬዛ ላይ ታስሯል፣ ባለሙያው ግን ብዙ ጊዜ አልታሰረም፤ ሥራው ሊያስረው አይፈቅድም። ልቡ ለቆመ ሰው ደረት የሚጫነው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው፣ ለአዋቂ ሰው ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር። ይህ በሚሄድ መኪና ውስጥ ቆሞ ወይም ተንበርክኮ ነው የሚሠራው። ፊት ያለው መኪና ደንግጦ ሲቆም የአምቡላንሱ ሾፌርም ፍሬን ይይዛል፤ ውስጥ ያለው ባለሙያ ከታማሚው ላይ ይወረወራል፣ እሽቱም ይቋረጣል፣ በዚያ መሃል የተዘጋጀ መርፌ ሊወድቅ ይችላል። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ከሆነ እያንዳንዱ መናጥ ይሰማዋል።

ልቡ ለቆመ ሰው እርዳታ ካልተጀመረ በየደቂቃው የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስትሮክ ላይ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በቀደመ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል። ስለዚህ ጊዜው ወሳኝ ነው፣ ግን በአንድ ሰው ድንጋጤ የሚገኝ ጊዜ የለም። እባካችሁ ቀስ ብላችሁ፣ ቀጥ ባለ አኳኋን ፍጥነት ቀንሱ። ብዙዎቹ ቫን አምቡላንሶች ከነዕቃቸው 3.5 ቶን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናሉ፤ እንደ ትንሽ መኪና ቶሎ አይቆሙም።

ሰላም_መንገድ

መብራቱ በርቶ ሳይረን ያልነፋ አምቡላንስስ? ብዙ ሾፌር "ቢያስቸኩለው ይነፋ ነበር" ይላል።

የቃሬዛ_ጎን

እህቴ፣ ያ ግምት ትክክል አይደለም። ሌሊት መንገድ ጭር ሲል መብራቱ ብቻ በቂ ነው። ደግሞም ሳይረኑ ውስጥ ላለው ታማሚም ይጮኻል፤ ልቡ የታመመ ወይም የተጨነቀ ሰው ሲኖር ሾፌሩ አውቆ ያጠፋዋል። በሕግ ረገድ ብዙ አገር ሙሉ ቅድሚያ የሚሰጠው መብራትና ድምፅ አብረው ሲሠሩ ነው፤ ቦታ መልቀቅን የሚከለክል ሕግ ግን የለም። መብራቱን ካየሽ ልቀቂ።

ሰፊ_ጎዳና

ባለ ብዙ ረድፉን ልመልስ፤ ማንም ስላልነካው።

ደንቡ ይህ ነው፦ በግራ ጫፍ ያለው ረድፍ ወደ ግራ ይጠጋል፤ ሌሎቹ በሙሉ፣ ሁለትም ይሁኑ ሦስት፣ ወደ ቀኝ ይጠጋሉ። አምቡላንሱ በግራው ጫፍና ከእሱ ቀጥሎ ባለው ረድፍ መካከል ያልፋል። ስለዚህ ባለ ሦስት ረድፍ ላይ መሃል ያለው ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ጀርመንና ኦስትሪያ ይህንን በሕግ ደንግገውታል፤ ኦስትሪያ ከ2012 ጀምሮ ነው። የጀርመኑ ሕግ ትልቁ ቁም ነገር ግን ጊዜው ነው፦ በፈጣን መንገድና ከከተማ ውጭ ባለ ባለ ብዙ ረድፍ መንገድ መተላለፊያው መከፈት ያለበት ሳይረን ሲሰማ ሳይሆን መኪኖቹ በእርምጃ ፍጥነት መጓዝ ወይም መቆም ሲጀምሩ ነው። ከቆመ በኋላ የሚከፈት መንገድ የለም።

"ቦታ አይበቃም" የሚል ይኖራል። እንለካው። ሦስት ረድፍ እያንዳንዱ 3.5 ሜትር ቢሆን 10.5 ሜትር ነው። ሦስት የቤት መኪና ከነስፖኪዮው ለእያንዳንዱ 2 ሜትር ብንይዝ 6 ሜትር። 4.5 ሜትር ይቀራል። በሁለቱ ጠርዝ ለእያንዳንዱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ በመሃልና በቀኙ መኪና መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ብንተው 3.2 ሜትር እናተርፋለን። አምቡላንስ በምቾት ያልፋል፤ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የእሳት አደጋ መኪናም በጥንቃቄ ያልፋል። መጥበብ የሚጀምረው አንድ ሰው መሃል ረድፉ ላይ እንዳለ ሲቀር ነው። አንድ መኪና ብቻ ይበቃል።

አምቡላንሱ ካለፈ በኋላ መተላለፊያውን አትዝጉት። ለከባድ አደጋ አንድ መኪና ብቻ አይላክም፤ ሁለተኛ አምቡላንስ፣ እሳት አደጋ፣ መኪና ጎታች ይከተላል።

ባለ_ተሳቢ

የከባድ መኪና ነገር ይለያል፤ ሰዎች "ለምን አልወጣም" ብለው ይናደዳሉ።

ተሳቢ የጫነ መኪና አስፋልት ያልለበሰ የመንገድ ትከሻ ላይ ቢወጣ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ጎማው ሊሰምጥ፣ ጭነቱ ከፍ ያለ ከሆነም ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ አስፋልቱ ላይ ሆኖ በተቻለ መጠን ቀኝ ጠርዝ ይይዛል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። በጠባብ መንገድ ላይ ከሆነ ፊት ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይወጣል። አጥፎ መውጣት ካለበት ተሳቢው ወደ ውስጥ ቆርጦ እንደሚመጣ ማስታወስ አለበት፤ በቀኝ ስፖኪዮ ሳያዩ መጠጋት እግረኛ ያስመታል።

ሌላው፣ ከፊት ሁለት ትንንሽ መኪና የሚያስገባ ክፍተት መተው ነው። አምቡላንሱ ሲመጣ ትንንሾቹ ሸሽተው የሚገቡት እዚያ ነው። ከባድ መኪና ፊተኛውን ተጣብቆ ከሄደ የሁሉንም መውጫ ይዘጋል።

በእጅ ምልክት "እለፍ" ማለትም ይቅር። ተቃራኒው መንገድ ባዶ መሆኑን ማየት ያለበት አላፊው ራሱ ነው። ትንሽ መኪና የምትነዱ ደግሞ ከባድ መኪና ያለ ምክንያት ሲቀንስና ቀኝ ሲይዝ ካያችሁ ደርባችሁ አትቅደሙ። የእሱ መቀመጫ ከፍ ያለ ነው፤ እናንተ ያላያችሁትን አይቷል።

ፈጣን_ጎማ

የቀዩን ነገር ተቀብያለሁ፣ ማብራሪያው አሳምኖኛል። ከፊት ለፊት ሲመጣስ? እኔ በሌላው አቅጣጫ ነኝ።

ተረኛ_መሪ

መሃሉ በቀለም ብቻ የተለየ መንገድ ከሆነ አንተም ቀኝ ይዘህ ቁም። የሱ ረድፍ ከተዘጋ የሚመጣው በአንተ ረድፍ ነውና። ከፍ ያለ አካፋይ ካለ በብዙ አገር መቆም ግዴታህ አይደለም፤ ዝም ብለህ በልክ ንዳ። አካፋዩ ክፍት የሆነበት የመዞሪያ ቦታ ስትደርስ ግን ቀንስ፤ አምቡላንሱ በዚያ ሊሻገር ይችላል። ቀና ብሎ የአደጋውን ቦታ እያየ መንዳት ደግሞ በጤናማው አቅጣጫ ሌላ ግጭት የሚፈጥረው ነገር ነው።

ነጭ_መስመር

አምቡላንስ ተከትለው የሚሮጡትን ሳናነሣ እንዳናልፍ። በተለይ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ መንገዱ ሲከፈት ተከትለው ይገባሉ። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከ150 ሜትር በማይበልጥ ርቀት መከተልን ይከለክላሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አምቡላንሱ በድንገት ሊቆም ወይም ሊታጠፍ ይችላል፤ ቁመቱ የፊቱን ስለሚጋርድ ተከታዩ ምንም አያይም። ሁለተኛው፣ ጠርዝ ይዘው የቆሙት ሰዎች "አለፈ" ብለው ሲመለሱ ተከታዩን አይጠብቁም። ከአምቡላንሱ ጋር ሳይሆን አምቡላንሱ ባለፈበት ጅራት ላይ የሚደርስ ግጭት የሚፈጠረው እንደዚህ ነው።

ስለዚህ ካለፈ በኋላ ወዲያው አትውጡ። ኋላ እዩ፣ ሌላ ሳይረን ካለ አዳምጡ፤ ሁለት ተመሳሳይ ሳይረን አብሮ ሲነፋ አንድ ይመስላል። ከዚያ የግራ ፍሬቻ፣ በግራ ትከሻ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ማየት፣ ከዚያ በቀስታ መግባት።

የቃሬዛ_ጎን

የቆመ አምቡላንስም አለ፤ ይህ ጭራሽ ይረሳል። መንገድ ዳር ቆሞ ሰው ሲያነሣ የኋላ በሩ ተከፍቶ ቃሬዛው ይወጣል። ቃሬዛው ብቻ 2 ሜትር ገደማ ነው፤ ከበሩና ከሁለት ተሸካሚ ጋር ከኋላው ቢያንስ 5 ሜትር ባዶ ይፈልጋል። ከኋላው ተጠግታችሁ አታቁሙ፤ ታማሚውን ይዘው መጥተው የማን መኪና ነው ብለው ባለቤት ሲፈልጉ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። አልፋችሁ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ረድፍ ራቁ፤ ካልተቻለ ቀንሱ፣ ባለሙያው ከመኪናው ጎን በድንገት ሊወጣ ይችላል።

የሆስፒታል ድንገተኛ በር ፊትም እንዲሁ። "ሰው ላውርድና ልሂድ" ተብሎ የሚቆም መኪና መዞሪያውን ይዘጋል። ሰው አውርዳችሁ መኪናውን ወዲያው አንሡ።

መንገደኛ_01

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አንድ የቀረ፦ ዜብራ ላይ እግረኛ እየተሻገረ ከሆነስ?

ነጭ_መስመር

እግረኛው ጨርሶ ይሻገር፤ ገና ያልጀመረው ይጠብቅ። አንተ ዜብራው ላይ አትቁም፣ ከእሱ በፊት ቁም። ክላክስ አትንፋ፤ እግረኛ ሲደነግጥ ወደኋላ ይመለሳል፣ ከአምቡላንሱ ጋር የሚገናኘውም ያኔ ነው። በአዛውንት ወይም በሕፃን ፊት ከሆነ መኪናህን አቁመህ ጋሻ ሁንላቸው፤ አምቡላንሱ መኪናህን አይቶ ይዞርሃል፣ እነሱን ግን ከመኪናህ ኋላ ብቅ ሲሉ ላያያቸው ይችላልና ፊትህ ላይ ሆነው እስኪያልፍ እንዲቆዩ በእጅህ ምልክት ስጣቸው።